ስኳር በማር ሲተካ

ከደሴ ሰኞ ገበያ የገዛነውን ማር በስኳር ምትክ አንድ ኩባያ በአንድ ኩባያ ብንለውጥ፣ ኬኩ መሃሉ ሳይበስል ላዩ ይጠቁራል። ለምን ይሆን? አንድ ኩባያ ስኳር 200 ግራም ያህል ሲመዝን፣ አንድ ኩባያ ማር 340 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህም 17 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ በስፍር ሳይሆን በሚዛን እንተካ፤ ለ100 ግራም ስኳር 120 ግራም ማር ስንጨምር፣ ከሊጡ ውሃ 20 ግራም እንቀንስ። የማር ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከዱቄቱ ፕሮቲን ጋር ፈጥነው ስለሚዋሃዱ የምድጃውን ሙቀት በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ማድረግ ይበጃል። የማሩን አሲድነትም ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ያለዝበዋል።

አንድ ነገር ግን አንርሳ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ስፖር የኬክ መጋገሪያ ሙቀትን ሊቋቋም ስለሚችል፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር የገባበት ኬክ አይሰጥም።