ለማንኛውም ይመለሳል

ውጭ አገር የተፈረደበት ሰው ቀሪ ፍርዱን አገሩ ገብቶ ይጨርስ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ምሕረት ነው። የካናዳን ልምድ ላየ ግን ነገሩ ከርኅራኄ ይልቅ የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ 10 ዓመት የተፈረደበት ካናዳዊ እስሩን ሲጨርስ ዲፖርት መደረጉ አይቀርም፤ ዜጋ ነውና ካናዳም አልቀበልም ማለት አትችልም። ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። በዝውውር ከመጣ በካናዳ ማረሚያ ቤት በኩል ያልፋል፤ በአመክሮ ሲወጣም የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር እንደሚውል የሚጠይቀው መኮንን ይመደብለታል። ፍርዱን እዚያው ጨርሶ ከመጣ ግን ማንም አይከታተለውም።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ መሠረት የፈረደው አገር፣ ተቀባዩ አገርና ታራሚው ራሱ ካልተስማሙ ዝውውር የለም። በካናዳ በኩል የሚፈርመው የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስትሩ ነው። ሰውየው ለአገር ጸጥታ ያሰጋል ወይ፣ ካናዳን ጥሎ የሄደ ነው ወይ፣ ቤተሰብ አለው ወይ፣ ከተመለሰ በኋላ በሽብር ወይም በተደራጀ ወንጀል ይሠማራል ወይ ተብሎ ይታያል። ከሚኒስትሩ በፊት የማረሚያ አገልግሎቱ ባለሙያዎች ይገመግሙታል፤ ጭቅጭቁ የሚነሣው ግምገማውና ፊርማው ሲለያዩ ነው። በኮኬይን ወንጀል አሜሪካ የታሰረን አንድ ካናዳዊ ባለሙያዎቹ ወደ ተደራጀ ወንጀል ይገባል የሚያሰኝ ነገር እንዳላገኙበት ጻፉ። ሚኒስትሩ ከለከሉ፤ ግምገማውን ለምን እንዳልተቀበሉት ግን በቅጡ አላስረዱም። በ2012 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደገና ይታይ አለ። እንደገና አዩት፤ እንደገና ከለከሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ዝውውሩ እንዲፈቀድ አዘዘ። ፓርላማው ደግሞ በዚሁ በ2012 ሕጉን አሻሽሎ የሕዝብ ደኅንነትን ከዓላማዎቹ አንዱ አደረገ፣ «በሚኒስትሩ አስተያየት» የሚል ሐረግም ጨመረ። የሚገርመው፣ ለሕዝብ ደኅንነት የሚበጀው ብዙ ጊዜ መፍቀዱ መሆኑ ነው።

ሕዝብ የመረጠው ይወስን እንጂ ዳኛ ምን አገባው የሚሉ አሉ። ሥልጣኑን ግን ማንም አልነጠቀም፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ፣ ዜጋ ወደ አገሩ የመግባት መብቱ ፍርዱን አገሩ ለመጨረስ መብት እንደማይሰጠው ወስኗል። ከሚኒስትሩ የተፈለገው ምክንያት ነበር። ካናዳ አመክሮ ቶሎ ስለምትሰጥ ቅጣቱ ይቀላል የሚለው ስጋት የበለጠ ክብደት አለው፤ እውነትም ሊቀል ይችላል። ሆኖም ፈራጇ አሜሪካም ፈቃጅ ናት፤ ቀለለብኝ ካለች እምቢ ትላለች። እምቢታ ደግሞ አይቸግራትም፦ የፍትሕ መሥሪያ ቤቷ ኢንስፔክተር ጄኔራል በ2011 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2005 እስከ 2010 በጀት ዓመት የውጭ ዜጎች ካቀረቧቸው የዝውውር ጥያቄዎች 97 በመቶው ውድቅ ተደርገዋል። ኦታዋ ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ወንፊት የተረፈው ነው።