በቀቀኑ ሁሉን ይናገራል፤ ሕመሙን ግን አይናገርም

ላባው አመድማ፣ ጅራቱ ቀይ፣ ምንቃሩ ጥቁር የሆነውን ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። የሰው ድምፅ በመቅዳት የሚወዳደረው ወፍ እምብዛም የለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አይሪን ፔፐርበርግ በ1977 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ከሚገኝ ሱቅ የገዙት አሌክስ የተባለው በቀቀን በ2007 እስኪሞት ድረስ ቀለም እየለየ፣ ዕቃ እየቆጠረ ዓለምን ሲያስደምም ኖሯል። በእኛ ስደተኞች ቤት የገቡትም በአማርኛ አፋቸውን ፈተዋል። በማውቀው አንድ የአበሻ ቤት ያለው በቀቀን ስልክ ሲጮህ «አቤት፣ ማን ልበል?» ይላል፤ የሲኒ ኳኳታ ከሰማ «ቡና ጠጡ!» ብሎ ጎረቤት ይጠራል። ይህ ሁሉ ወሬ ያለው ፍጡር ግን አንድ ነገር አይናገርም፤ መታመሙን።

ምክንያት አለው። በጫካ የደከመች ወፍ ለጭልፊት ሲሳይ ናት። ስለዚህ በቀቀን እስኪብሰው ድረስ ደህና መስሎ ይቆማል። ላባውን ነፍቶ ከሽቦ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ባለ ዕለት «ትናንት እኮ ደህና ነበር!» እንላለን። ደህና አልነበረም። ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት የታመመው ከሚበላበት ጣሳ ነው።

ነገሩ የሚመለከተው የወፍ ባለቤቶችን ብቻ አይደለም። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩ እህቶቻችን መካከል የአሠሪያቸውን በቀቀን የሚመግቡና የሚያጸዱ አሉ። ምን ይበላ እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ ወፉ የሞተ ዕለት ግን ጣት በማን ላይ እንደሚቀሰር አንባቢ አያጣውም።

ለመሆኑ ምን እናበላዋለን? አብዛኛው ሰው ከሱቅ የተደባለቀ ጥራጥሬ በከረጢት ይገዛል። ከረጢቱ ላይ የተሳለው ወፍ ያማረ ነው። ውስጡ ግን በብዛት የሱፍ ፍሬ ነው፤ በቀቀንም እንደ ልጅ መራጭ ስለሆነ ሱፉንና ኦቾሎኒውን ለቅሞ ሌላውን ይበትነዋል። የሱፍ ፍሬ ቅባቱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት፣ ቪታሚን ኤው ከምንም የማይቆጠር ነው። ልጅን ጠዋት ማታ ቆሎ ብቻ እያበሉ ማሳደግ እንደማለት ነው፤ ሆዱ ይሞላል፣ አካሉ ይራባል። ቅባቱ በጉበቱ ላይ ይከማቻል። የቪታሚን ኤው እጦት ደግሞ የአፉንና የአፍንጫውን ውስጠኛ ሽፋን ያሻክረዋል፤ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ይወጣል፣ አፍንጫው ይዘጋል። በዚህ ላይ የገለባው ተንኮል አለ፤ ጣሳው የሞላ ይመስላችኋል እንጂ ላዩ የተፈለፈለ ገለባ ነው። እፍ ብላችሁ ተመልከቱ።

ሌላው የእኛ ቤት ጉዳይ ፍቅራችን ነው። አበሻ የሚወደውን ሳያጎርስ አይሆንለትም! በቀቀኑም በርበሬ የበዛበትን ወጥ እየተስገበገበ ሲበላ አይተን «ተስማምቶታል» እንላለን። የሚገርመው ነገር ወፎች በርበሬና ሚጥሚጣ አያቃጥላቸውም። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በእኛ ምላስ ላይ የሚቀሰቅሰውን ስሜት በነሱ ላይ አይቀሰቅስም። ስለዚህ የሚጎዳው በርበሬው አይደለም፤ ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። አቮካዶ ግን ከሁሉ ይብሳል። ለእኛ ጭማቂው ቢጣፍጥም ለበቀቀን መርዝ ነው፤ ልቡን ይጎዳል፣ ይገድላልም። ቸኮላታ፣ ቡናና መጠጥም እንዲሁ፤ ለጨዋታ ብላችሁ ከሲኒያችሁ እንዳታስጎነጩት። ፖም ስትሰጡት ፍሬውን አውጡለት።

መልካሙ ገበታ ውድ አይደለም። የወፍ ሐኪሞች የሚመክሩት ዋናው ምግብ ፔሌት የሚባለው፣ እህሉና ቪታሚኑ አብሮ ተፈጭቶ በትንንሽ እንክብል የሚሸጠው መኖ እንዲሆን ነው፤ መርጦ የሚጥለው ነገር የለውምና። ከጎኑ በየቀኑ አትክልት ይቅረብ። እዚህ ላይ የአበሻ ማዕድ ቤት ታድሏል። ለምግባችን የምንገዛው ጎመን ከመቀቀሉ በፊት ሁለት ቅጠል ታጥቦ ቢሰጠው ካልሲየምም ቪታሚንም ያገኝበታል። ካሮት፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ቀይ ቃሪያ፣ ብሮኮሊ ሁሉም ለቪታሚን ኤ ደግ ናቸው። ባቄላና ቦሎቄ ሳይበስል አይሰጥ። ምስር ያለ ጨው ከተቀቀለ ይወዳል። ፍራፍሬ በጥቂቱ፤ ሱፍና ኦቾሎኒ ደግሞ አዲስ ቃል ሲለምድ እንደ ሽልማት በእጅ።

ሱፍ የለመደውን ግን በአንድ ቀን አትንፈጉት። ፔሌቱን ምግብ መሆኑን ስለማያውቅ በተሞላ ጣሳ አጠገብ ሊራብ ይችላል። በሳምንታት ውስጥ አሮጌውን እየቀነሱ አዲሱን መጨመር ነው፤ ፊቱ ቁጭ ብላችሁ እናንተም አትክልቱን ብትበሉለት የምትበሉትን መቅመሱ አይቀርም። በግራም የሚለካ የማዕድ ቤት ሚዛን ግዙና ጠዋት ከመብላቱ በፊት መዝኑት። 450 ግራም የነበረ ወፍ 45 ግራም ከቀነሰ ከአሥር እጅ አንዱን አጣ ማለት ነው፤ ትንሽ የምትመስለው ይህች ክብደት ሐኪም ዘንድ የምታስኬድ ናት።

ግራጫው በቀቀን ከሌሎቹ ይልቅ የደም ካልሲየም ማነስ ያጠቃዋል። ሲብስበት ይንቀጠቀጣል፣ ከተቀመጠበት እንጨት ይወድቃል። ጎመኑ ብቻውን አይበቃም፤ ካልሲየሙን ሰውነቱ እንዲጠቀምበት ፀሐይ ያስፈልገዋል። በመስኮት መስታወት በኩል የምትገባው ፀሐይ ግን የሚፈለገውን ጨረር አታሳልፍም። በበጋ ሽቦ ቤቱን፣ ጥላ ሳይለየው፣ ወደ ውጭ ማውጣት ይበጃል፤ ለክረምቱ ለወፍ ተብሎ የተሠራ መብራት አለ።

አሁን ወደ ምንቃሩ እንምጣ፤ የሚደብቀውን ሕመም የሚያጋልጠው እሱ ነውና። ምንቃር ሲያዩት ደረቅ ቀንድ ይምሰል እንጂ ውስጡ አጥንት፣ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው አካል ነው። ላዩን የሚሸፍነው የእኛ ጥፍር የተሠራበት ኬራቲን ሲሆን፣ እንደ ጥፍራችንም ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የላይኛው ምንቃር በማጠፊያ እንደተያያዘ በር ከራስ ቅሉ ጋር ስለሚንቀሳቀስ በቀቀን ሲሰብርም ሲወጣም እንደ ሦስተኛ እግር ይጠቀምበታል። ጤነኛ ወፍ እያኘከና እየፋቀ ራሱ ይሞርደዋል። በአገራችን ደጋ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር የምትታየው ባለ ጥቁር ክንፏ ትንሿ በቀቀን የጽድ ፍሬና ሾላ ስትለቅም ትውላለች፤ የምንቃሯ ሞረድ ሥራዋ ነው። የእኛው እስረኛ ግን ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ስለዚህ ቀለም ያልተቀባ፣ መድኃኒት ያልተረጨ እንጨት ስጡት፤ ቢያደቀው አትቆጡ።

በጥቂቱ መላጡ ጤንነት ነው፤ አሮጌው ሽፋን እየተቀረፈ ይወርዳል። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ምንቃሩ በጥቂት ወራት ከልክ በላይ ከረዘመ፣ ከለሰለሰ፣ ወይም የደም ጠባሳ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ካወጣ ጉበቱን ጠርጥሩ፤ የሱፉ ዕዳ እዚህ ላይ ይከፈላል። የግራጫው በቀቀን ምንቃር በላባ ብናኝ ተሸፍኖ ደብዘዝ ማለት አለበት፤ እንደተወለወለ ጫማ ማብረቅ ከጀመረ ያማረበት እንዳይመስላችሁ፤ ላባንና ምንቃርን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ሌሎች ወፎችም ይተላለፋል። በትንሿ በጀሪጋር ደግሞ ምንቃሯ ሥር የማር እንጀራ የመሰለ ቅርፊት ከታየ በዓይን የማትታይ ቅማል መሰል ተባይ ናት፤ መድኃኒት አላት። የአፍንጫው ቀዳዳ እርጥብ ከሆነም ተመልከቱ። ይህን ካነሳን አይቀር፣ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ወፉን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱት፤ ሳንባው እንደኛ ጭስ አይችልም። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ከተረሳ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ በደቂቃዎች ይገድለዋል።

የረዘመ ምንቃር አይቶ የጥፍር መቁረጫ የሚያነሳ ሰው አለ። እባካችሁ አታድርጉት! የደም ሥሩ ከተቆረጠ ደሙ በቀላሉ አይቆምም፤ ሕመሙም ከመብላት ያግደዋል። ደግሞም ሐኪሙ ሞርዶ ቢያስተካክለውም ጉበቱ ካልታየ ተመልሶ ይረዝማል።

ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ወፍ አያይም፤ የውሻና የድመት ብቻ የሚያዩት ይበዛሉ። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት «በቀቀን ታክማላችሁ?» ብላችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ሳይታመምም በዓመት አንዴ ይታይ። በየወሩ የምንቃሩን ፎቶግራፍ ከፊትና ከጎን አንሡ፤ ከጀርባው ቀኑንና ክብደቱን ጻፉበት። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ ነው፤ በቀቀኑ አይመልስለትም።