ጥንስሱ ሕያው ነውን?

ዐውደ ዓመት በተቃረበ ቁጥር በየቤቱ ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፤ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾውም ይወቀጣል። ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚሰጠው ግን በዓይን የማትታየው እርሾ በሕይወት ካለች ብቻ ነው። የመጠጥ መፍላት የሕያዋን ረቂቃን ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተማቸው ጥናቶቹ አስረድቷል። ሕይወት ያለው ሁሉ ደግሞ ሟች ነው።

እኛም ይህን የተማርነው በኪሳራ ነው። በአንድ የጥምቀት ሰሞን በቤታችን ጠጅ ሲጣል፣ ለንጽሕናው ብለን ጌሾውን ቀቀልነው፤ በእንጨቱ ላይ የነበረችውን እርሾ በገዛ እጃችን መግደላችን ነበር። በምትኩ ከምድጃ አጠገብ የከረመ ደረቅ እርሾ ጨመርንበት። ብርዙ አራት ቀን ሙሉ ጸጥ አለ፤ በዋዜማው ሲከፈት ሽታው ተለውጧል። ማሩ ባከነ፤ እንግዶቻችንም ለስላሳ ጠጡ።

ፈተናው እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ! ለብ ባለ አንድ ስኒ ውኃ፣ ይኸውም ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይሟሟል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ይነሰነስበትና ይቆያል። በ10 ደቂቃ ገደማ አረፋ ከሸፈነውና የሊጥ ሽታ ከሰጠ እርሾዋ ሕያው ናት። ዝም ካለ ይደፋ። የፈላ ውኃ ግን ደኅናዋንም ስለሚገድል ፈተናውን ሐሰተኛ ያደርገዋል።

የጌሾ ጥንስስ ፈተና ከዚህ ይረቅቃል። አያታችን ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው «ይናገራል» ይሉ ነበር፤ የሚሰሙት የአየሩን መውጣት ነው። ሆኖም አየር የሚያወጡ ባክቴሪያዎችም ስላሉ ድምፅ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ አፍንጫም ይጠየቃል። ድፍድፉ ከመደፍደፉ በፊት አንድ ኩባያ ጥንስስ ይቀዳ፤ ጥቂት ማር ተበጥብጦበት፣ ተከድኖ፣ ሙቀት ባለበት ይደር። ሲነጋ አረፋ ይዞ የጌሾና የአልኮል ሽታ ከሰጠ መልካም ነው፤ ኾምጣጤ ከሸተተ ግን እህሉን አናባክንበት።

አረፋ ሕያዋን መኖራቸውን እንጂ ብዛታቸውን አይናገርም። ስለዚህም በቢራ ፋብሪካዎች ናሙናው ሜቲሊን ብሉ ከተባለ ሰማያዊ ቀለም ጋር ተቀላቅሎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሞቱት ሕዋሳት ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ሕያዋኑ ቀለሙን ስለሚያጠፉት እንደነበሩ ይቀራሉ፤ ከመቶው ስንቱ እንደሞተም ይቆጠራል። ማይክሮስኮፕ ለሌለን ለእኛ የሚበጀው፣ ዘግይታና ደክማ የተነሣችውን እርሾ በጥቂት ብርዝ አሳድሮ ካበዙ በኋላ ወደ ጋኑ መጨመር ነው።