የንግድ ባንክ ረጅሙ ፎቅና ክቡ ጎረቤቱ

የአዲስ አበባ ሰማይ ጠቀሶች በብዛት የተሰበሰቡት ሰንጋ ተራና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። የሁሉም አውራ ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው።

ሕንፃው ከምድር በላይ 209 ሜትር ይረዝማል፤ 48 ፎቅ፣ ከምድር በታችም 4 ወለል አለው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። የሠራው የአፍሪካ ኅብረትን ዋና መሥሪያ ቤት የገነባው የቻይና መንግሥት ተቋራጭ ነው። በተመረቀበት ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ የሚስተካከለው አልነበረም፤ የናይሮቢው ብሪታም ታወር ራሱ 200 ሜትር ነው። መስተዋት የለበሱት ጎኖቹ እንደ ተሞረደ እንቁ ስለት ስለት ስላላቸው ብርሃኑን በየሰዓቱ ለየብቻ ይመልሱታል።

ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ግን መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን ክቡን ሕንፃ ይይልኝ። አሮጌው ዋና መሥሪያ ቤት እሱ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1923 በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 የመንግሥት ባንክ ተቋቋመ። እሱም በ1956 ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። አዲሱ ንግድ ባንክ የራሱ ቤት ሲያስፈልገው ንድፉን ያወጣው ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ነበር። ሾሜት ለሰፈሩ እንግዳ አልነበረም፤ በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የደረሰውን የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር ያጠናቀቀው እሱ ነው።

ሾሜት ባንኩን በጉልላት ሥር ያለ አንድ ትልቅ ክብ አዳራሽ አደረገው። ገንዘብ ሊያስቀምጥ የመጣው ነጋዴም፣ ደመወዝ ሊቀበል የመጣው ሠራተኛም በአንድ ጣሪያ ሥር ይተያያሉ። ገበሬ ከባንክ በሚሸሽበት ዘመን ይህን ያህል ግልጽ አዳራሽ መሥራት ትልቅ አሳብ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ባንኩ ከ1,700 በላይ ቅርንጫፎች አሉት፤ ደንበኛው በየሰፈሩ፣ አልያም በስልኩ ይስተናገዳል። ስለዚህ ዋና መሥሪያ ቤቱ የአስተዳደር ቢሮዎች ቁልል ሆነ፤ አብዛኛው ደንበኛ ሊፍቱን ሳይሳፈር ይኖራል።

ረጅሙ የባንኩን አቅም ያሳያል፤ ያንን አልነፍገውም። በሥነ ሕንፃ ግን የሚበልጥብኝ ክቡ ነው፤ አሮጌ ቤት በየጊዜው በሚፈርስበት በዚህ ሰፈር እሱ በጥንቃቄ መያዝ አለበት።