በመንገድ ዳር መንደሮች ፍጥነትን መቀነስ የሰው ሕይወት ይታደጋል

ከጎንደር ተነስቶ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚደርሰው ዋና መንገድ የተሽከርካሪ መተላለፊያ ብቻ አይደለም። የደጋው ነዋሪ ወደ ገበያ፣ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዘው፣ በግና አህያ የሚነዳውም በዚሁ መንገድ ነው። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያመሩ ጎብኚዎችም ኮሶዬ ላይ መኪና አቁመው ገደላማውን መልክዓ ምድር ይመለከታሉ።

መንገዱን ለሁሉም አስተማማኝ ለማድረግ ቀዳሚው ጉዳይ ፍጥነት ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አነስተኛ መኪና አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በ13 ሜትር ገደማ ይቆማል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ከ20 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሕፃን ወደ መንገዱ ቢገባ የመጀመሪያው መኪና ሳይደርስበት ይቆማል፤ ሁለተኛው ግን በሰዓት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይገጨዋል። በዝናብ፣ በጉምና በቁልቁለት፣ በተለይም ለጭነት መኪና፣ ርቀቱ ይበልጥ ይረዝማል።

በየካቲት 2012 ዓ.ም ስቶክሆልም ላይ የተካሄደው የሚኒስትሮች ጉባዔ እግረኞችና ብስክሌተኞች ከተሽከርካሪ ጋር በሚቀላቀሉባቸው ስፍራዎች የፍጥነት ወሰኑ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ያሳሰበውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር መንገድ የእግረኛውም መሆኑን ያስገነዘበ ነበር።

የፍጥነት ወሰን ምልክት መትከል ብቻውን በቂ አይደለም። በመንደር መግቢያ መንገዱን ማጥበብ፣ ከፍ ያለ የእግረኛ ማቋረጫና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መሥራት አሽከርካሪው ሳይወድ እንዲቀንስ ያስገድዱታል። ይሁንና ጉብታው ቀለም ያልተቀባና አስቀድሞ በምልክት ያልተጠቆመ ከሆነ በሌሊትና በጉም ራሱ የአደጋ መንስኤ ይሆናል። ለእግረኞችና ለእንስሳት የሚበቃ የመንገድ ዳር፣ ለአውቶቡስና ለጎብኚዎች መኪናም ከአስፋልቱ ወጣ ያለ ማቆሚያ ማዘጋጀት የግድ ነው።

እግረኛውም የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራውን ይዞ ቢጓዝ ከፊቱ የሚመጣውን ተሽከርካሪ አይቶ ዞር ለማለት ይችላል። አሽከርካሪው በመንደር ውስጥ ፍጥነቱን ቢቀንስ የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚተርፈው ግን የሰው ሕይወት ነው።