ተጨማሪ መረጃ፦ የጎልፍ ጋሪ ጎማ ስንት ይነፋል?

በቶሮንቶ ከተማ አስተዳደር ሥር ያለው የዶን ቫሊ ጎልፍ ሜዳ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በመኸር ጠዋት ደህና ይበርዳል። ብርዱ ደግሞ ጎማ ውስጥ ይገባል።

የጎልፍ ጋሪ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ፒ.ኤስ.አይ. ይነፋል፤ ከቤት መኪና ጎማ ያነሰ ነው። ላላ ሲል መሬት የሚነካበት ስፋት ስለሚጨምር ሣሩን አይጎዳም። ከልክ በላይ ከላላ ግን ጠርዙ ይበላል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

ነሐሴ ላይ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 20 የተነፋ ጎማ በጥቅምት ጠዋት፣ በ5 ዲግሪ፣ ስንት ያሳያል? 20ን በቀጥታ ማባዛት አያዋጣም፤ ጌጁ የሚያሳየው ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። የከባቢ አየር ግፊቱ 14.7 ሲደመር 34.7 ይሆናል፤ 5 ዲግሪ በኬልቪን 278፣ 25 ዲግሪ ደግሞ 298 ስለሆነ፣ በ278 ተባዝቶ ለ298 ሲካፈል 32.4፤ 14.7 ሲቀነስ 17.7 ገደማ። ምስማር ሳይወጋው ከ2 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ ቀነሰ ማለት ነው።

በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚነፋበት ልክ አይደለም። ልኩ በጋሪው መመሪያ ላይ አለ፤ የሚለካውም ጋሪው ሳይነዳ፣ ጎማው እንደቀዘቀዘ ነው።