የቸኮለ ሞተር የሚበላው ኤሌክትሪክ

ፈጣን የሆነ ሁሉ ብርቱ፥ ዝግተኛም የሆነ ሁሉ ሰነፍ መስሎ የሚታየን ሰዎች ጥቂቶች አይደለንም። ይህ አስተያየት በሰው ላይ ልክ ይሁን አይሁን ለጊዜው እንተወውና፥ በአንድ መሣሪያ ላይ ግን ፈጽሞ ስሕተት መሆኑን ዛሬ በቁጥር ለማሳየት እንሞክራለን። መሣሪያውም በመዋኛ ኩሬ አጠገብ ተቀምጦ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ነው።

«የመዋኛ ኩሬ ለእኔ ምኔ ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በመኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ኩሬ መሥራት በአገራችን የጥቂቶች ነገር ነው። በአሜሪካ ግን፥ በተለይም ፀሐይ በሚበረታባቸው በካሊፎርኒያ፥ በአሪዞና፥ በቴክሳስና በፍሎሪዳ፥ መካከለኛ ኑሮ ባለው ሰው ግቢ እንኳ ኩሬ ማየት አያስደንቅም። በዚያ ኩሬ ያለው ቤት የሚገዛ ወገናችንም ከቤቱ ጋር ፓምፑንና የፓምፑን የኤሌክትሪክ ሒሳብ አብሮ ይረከባል። ከዚህም በላይ ፓምፑ የሚገዛበት ሕግ የኩሬ ብቻ አይደለምና፥ ነገ በመሥሪያ ቤቱ የፓምፕ ግዥ ወረቀት የሚቀርብለት ወጣት ሁሉ ቢያውቀው ይጠቀማል።

በመጀመሪያ ፓምፑ ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። የኩሬ ውሃ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አቧራና ቅጠል ይከማችበታል፤ አልጌ የሚባለውም አረንጓዴና አንሸራታች ነገር ይበቅልበታል። ስለዚህ ፓምፑ ውሃውን ከላይኛው ገጽና ከታችኛው ወለል እየሳበ በማጣሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ከዚያም በቧንቧ ወደ ኩሬው ይመልሰዋል። ጀርም የሚገድለው ክሎሪን በውሃው ሁሉ እኩል የሚዳረሰውም በዚሁ ዙረት ነው።

ቀድሞ በአሜሪካ ይሠራባቸው የነበሩት አብዛኞቹ የኩሬ ፓምፖች አንድ ፍጥነት ብቻ ነበራቸው፤ ይኸውም በደቂቃ 3450 ዙር ያህል ነው። ባለቤቱ የነበረው ምርጫ ማብራት ወይም ማጥፋት ብቻ ነበር። በኋላ ግን ፍጥነቱን እንደ ፈቀዱት ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ሞተር መጣ። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ 1 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያላቸው አዳዲስ የኩሬ ፓምፕ ሞተሮች ቢያንስ ሁለት ፍጥነት እንዲኖራቸው ደነገገ። የፌዴራሉም መንግሥት ያወጣው የቁጠባ ደረጃ በሐምሌ 2021 በሥራ ላይ ሲውል፥ በአብዛኛዎቹ መካከለኛና ትልልቅ የኩሬ ፓምፖች ዘንድ ፍጥነቱ የሚለዋወጠው ዓይነት የአንድ ፍጥነቱን ቦታ ያዘ።

ይሁን እንጂ ሕግ ፓምፑን ያስገዛል እንጂ ፍጥነቱን አይመርጥም። ውድ ዋጋ ተከፍሎበት የተገዛው አዲስ ፓምፕ እንደ አሮጌው በ3450 ዙር ሲያጓራ የሚውል ከሆነ፥ ገንዘቡ በከንቱ ወጣ ማለት ነው። ቁጠባው ያለው በሞተሩ ብረት ውስጥ ሳይሆን በባለቤቱ ምርጫ ውስጥ ነው።

የምርጫው መሠረት እንደሚከተለው ነው። የፓምፕ ፍጥነት በግማሽ ቢቀነስ የሚገፋው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፤ ግፊቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ለሥራው የሚያስፈልገው ኃይል የሁለቱ ብዜት ስለ ሆነ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። እንግዲህ ያንኑ ያህል ውሃ ለማዞር እጥፍ ጊዜ ቢሠራም፥ የሚበላው ኤሌክትሪክ የቀድሞው አንድ አራተኛ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአባቶች ቃል በቧንቧ ውስጥም ይሠራል፤ ውሃው ሲጣደፍ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየታገለ ጉልበቱን በከንቱ ያፈሳልና።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። 10 ሜትር ርዝመት፥ 5 ሜትር ወርድ፥ በአማካይም 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ኩሬ 75,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ፓምፑ በሙሉ ፍጥነት በሰዓት 15,000 ሊትር የሚያዞርና 1600 ዋት የሚበላ ይሁን። ውሃውን አንድ ጊዜ ለማዞር 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ፍጆታውም 8 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ፍጥነቱ ወደ 1725 ዙር ቢወርድ ሥራው 10 ሰዓት ይፈጃል። ኃይሉ በስሌት 200 ዋት ነው፤ ሆኖም ሞተሩና መቆጣጠሪያው ለራሳቸው የሚወስዱት ስላለ 250 ዋት እንበለው። ጠቅላላው 2 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ይሆናል።

«እንግዲያውስ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው እናውርደው» የሚል ቢኖር ይታገሥ። በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት ሞተሩና መቆጣጠሪያው ለራሳቸው የሚወስዱት ድርሻ እየከበደ ስለሚሄድ ተጨማሪው ቁጠባ ትንሽ ነው፤ ጉዳቱ ግን ይበዛል። ውሃው ከላይ የተንሳፈፈውን ቅጠል ለመሳብ ያቅተዋል። ከጨው ክሎሪን የሚሠራው መሣሪያ በቂ ውሃ ካላለፈበት ሥራውን ያቆማል፤ የውሃ ማሞቂያውም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው «ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህንን ሥራ የሚፈጽመው ዝቅተኛ ፍጥነት ስንት ነው?» የሚለው ነው።

መልሱ የሚገኘው በመለካት ነው። አንደኛ፥ ኩሬው የሚይዘውን ውሃ አስልቶ በቀን አንድ ጊዜ ለማዞር የሚበቃውን ሰዓት መነሻ ማድረግ ነው። ሆኖም የተጣራውና ያልተጣራው ውሃ ስለሚደባለቅ፥ አንድ ዙረት ሲፈጸም ከውሃው በመቶ 37 እጅ ያህሉ ገና በማጣሪያው አላለፈም። እንግዲህ ሰዓቱ የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው የውሃውን ጥራት አይቶና ክሎሪኑን ለክቶ ነው። ሁለተኛ፥ ጥቂት ደረቅ ቅጠል በውሃው ላይ በትኖ ቅጠሉ ወደ መሳቢያው አፍ መጓዝ እስኪጀምር ድረስ ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት ከፍ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፥ የክሎሪን መሣሪያው የውሃ ማለፍ ምልክት የሚያሳይበትን ፍጥነት አግኝቶ ከዚያ በጥቂት መብለጥ ነው። አራተኛ፥ ለማሞቂያውና ውሃ እየሳበ ወለሉን ለሚጠርገው መሣሪያ ከፍ ያለ ፍጥነት የሚሰጠው እነርሱ በሚሠሩበት ሰዓት ብቻ ይሁን። በየመነሻውም ፓምፑ በቧንቧ ውስጥ የገባውን አየር እንዲያስወጣ ለጥቂት ደቂቃ በኃይል መሽከርከሩ ተገቢ ነው።

በዚህ መሠረት የምሳሌያችን ኩሬ ባለቤት ቅጠሉን ለመሳብ 2 ሰዓት በ2600 ዙር፥ የቀረውን 7 ሰዓት በ1725 ዙር ቢያደርገው፥ ውሃው በቀን አንድ ጊዜ ይዞርለታል። ፍጆታውም ከ3 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከቀድሞው 8 ጋር ሲተያይ፥ ፓምፑ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ከሆነ 1750 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይተርፋል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ቢሆን ትርፉ 260 ዶላር ይጠጋል። በካሊፎርኒያ ብዙ ደንበኞች በሚከፍሉበት ደንብ ኤሌክትሪክ የሚወደደው፥ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር፥ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ፓምፑን በዚያ ጊዜ ማሳረፍ ትርፉን ይጨምራል።

ማጣሪያውም አይዘነጋ። ማጣሪያው ሲቆሽሽ በዚያው ፍጥነት የሚያልፈው ውሃ ይቀንሳል፤ በወረቀት ላይ የተጻፈውም ሰዓት ሐሰት ይሆናል። የግፊት መለኪያው ደግሞ በፍጥነቱ መጠን ስለሚለዋወጥ፥ ዛሬ በ3450 ነገ በ1725 ዙር ቢያነቡት ምንም አይነግርም። ማጣሪያው በተጠበበት ዕለት በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ያሳየውን ግፊት መዝግቦ፥ ሁልጊዜ በዚያው ፍጥነት ማስተያየት ይገባል። ግፊቱ በአንድ አራተኛ ያህል ሲጨምር ማጣሪያውን ማጠብ ነው።

በመጨረሻ ለወጣቱ ሠራተኛ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከላይ የተነገረው ስሌት የሚያምረው የኩሬ ውሃ ከኩሬው ወጥቶ ወደዚያው ኩሬ ስለሚመለስ ነው፤ ፓምፑ የሚታገለው ከቧንቧውና ከማጣሪያው ጋር እንጂ ከከፍታ ጋር አይደለም። በአዲስ አበባ ፎቆች ጣራ ላይ ወዳለ ታንከር ወይም ከጉድጓድ ወደ ላይ ውሃ ሲገፋ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሙሉ ፍጥነት ውሃን እስከ 40 ሜትር ብቻ ማድረስ የሚችል ፓምፕ፥ በግማሽ ፍጥነት ሲዞር ከ10 ሜትር አያልፍም። ታንከሩ በ30 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ አንዲት ጠብታ አትደርሰውም፤ ኤሌክትሪኩ ግን መቆጠሩን አይተውም። ስለ ኩሬ የተጻፈውን የሻጭ ወረቀት አንብቦ ለከተማ ውሃ ያንኑ ቁጠባ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ሲያጋጥም፥ «ውሃው ይዞራል ወይስ ይወጣል?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ኪሳራ ያድናል።

ስለዚህ ሞተር የሚመረጠው በጩኸቱ ወይም በሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት አይደለም። ሥራው ይለካ፤ ከዚያ ለሥራው የሚበቃው ፍጥነት ይሰጠው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ውሃውን አያጠራውም፤ ሒሳቡን ብቻ ያበዛዋል።